የግራው ባሌስትራ

መኪና ሥር መግባት ድሮም ያስፈራኛል። ልጅ ሆኜ አባቴ ጭነት መኪናው ሥር ተንጋሎ ሲሠራ የሚታዩኝ እግሮቹ ብቻ ነበሩ። ድምፁ ትንሽ ከጠፋብኝ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ «አባዬ!» እላለሁ። «አቤት!» ይለኛል። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ «አባዬ!»። አንዳንዴ ተሰላችቶ ዝም ሲል እግሩን ይዤ እጎትተው ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ እኔው ራሴ እዚያ ሥር በጀርባዬ እተኛለሁ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከባሌ፣ ከአሥር ዓመቷ ልጃችንና ከአባቴ ጋር አርባ ምንጭ፣ ሴቻ እንኖራለን። አባቴ ዕድሜውን የፈጀው መሪ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን ሲይዝበት እኛ ጋ መጣ፤ አሮጌዋ ፒክአፑም አብራው መጣች። እሷን ባሌ ተረክቦ ሙዝ ያመላልስባታል። አባቴ ግን ከመንዳቱ ጋር መናገሩንም የተወ መሰለ። ምላሱ አልተያዘም፤ ሐኪሙም ይህንኑ ነግሮናል። ብቻ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ግቢውን ያያል። «አባዬ፣ ምሳ ይቅረብ?» «ይቅረብ።» «አመመህ እንዴ?» «ደህና ነኝ።» ከዚህ ሌላ ቃል ሳይወጣው የሚመሽበት ቀን ብዙ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባሌ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ሙዝ አራግፎ ሲመለስ፣ መኪናዋ በራችን ላይ ያለውን ቦይ ስትሻገር ከኋላዋ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ ከበረንዳው ላይ ቀና አለ።

«ባሌስትራው ነው» አለ። «ግራው። ዋናው ብረት ተሰብሯል።»

ባሌና እኔ ተያየን። እሱ ገና ከመኪናው አልወረደም፤ አባቴም ከበርጩማው አልተነሳም። ጎንበስ ብለን ስናይ እንዳለው ነበር። ባሌስትራ የሚሉት ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ተደራርበው የታሰሩ፣ እንደ ቀስት የጎበጡ ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። በግራ በኩል ከሁሉ ረጅሙ ብረት ጫፉ አካባቢ ተሰንጥቆ መኪናዋ ወደዚያው አዘንብላለች። የቀኙም ቢሆን ረግቦ ጠፍጥፏል። ጫፎቻቸውን የሚይዙት የላስቲክ ቀለበቶች ተበልተው አልቀዋል፤ ንረቱን የሚያበርዱት ሁለቱ አሞርዛተሮችም ዘይት ያንጠባጥባሉ።

በዚያው እሁድ መኪናዋ የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ደጋው ላይ ወዳለችው ገረሴ ልታደርስ ቃል ገብተን ነበር። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ነበራት። ልጃችንም ከሕፃናቱ መዘምራን አንዷ ስለሆነች ሳምንቱን ሙሉ ስትዘምር ነው የሰነበተችው። ባሌ ዓርብ ዕለት ሲቀላ ወርዶ ዕቃውን ገዝቶ መጣ፤ ጋራዦቹ ግን ሁሉም እስከ ማክሰኞ ወረፋ ይዘዋል። በዚያ ላይ እሱ ቅዳሜ ጨንቻ የማይቀር ለቅሶ ነበረበት።

«ማክሰኞ ይሁን እንግዲህ» አለ ባሌ። «ለመዘምራኑ ሌላ መኪና ይፈልጉ።»

«እኔ አለሁ» አለ አባቴ። ሁለታችንም ዞርን። «የጎደለኝ እጅ ብቻ ነው።» ይህን ሲል እጆቼን ያይ ነበር።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ዓይኑ በርቶ አላየሁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ባሌ ለለቅሶው ሲወጣ ልጄ ልምምድ ሄደች፤ እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። የባሌን አሮጌ ሱሪ ለበስኩ። አባቴ በርጩማውን ከመኪናዋ ኋላ አስደርጎ፣ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ማዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈኝ። ከዚያ የኋላዋን በክሪክ አስነሳኝ። ተነስታ ስትቆም በቃ ብዬ ልገባ ስል ጮኸብኝ።

«ክሪክ አይታመንም! ጉማጆቹን አምጪ!»

ሁለት ወፋፍራም ጉማጅ እንጨቶች ከግራና ከቀኝ ከአካሏ ሥር አቆምኩ። ጎማዎቹን ፈታሁ። ከዚያ ሌላ የማደርገው ነገር ስላልቀረኝ ጆንያ አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ።

ከዚያ ሥር ሆኖ ማየት ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ብረት ከፊቴ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። ጭቃና አሮጌ ግሪስ ይሸተኛል። ነፋስ ቆርቆሮውን ባንኳኳ ቁጥር መኪናዋ የተንቀሳቀሰች እየመሰለኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። ዝገቱ የበላው ብሎን እምቢ ሲለኝ ነጭ ጋዝ አስፈሰሰኝ፤ ጠብቄ በመዶሻ መታሁት። «ወደ ግራ አዙሪ» ይለኛል። አዞራለሁ። «ግራ አልኩ እኮ!» «ግራ ነው ያዞርኩት!» «የኔ ግራ!» በፍርሃት መሐል ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ።

የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ግን የተሰበረው ባሌስትራ ታፍኖ የቆየ ጉልበቱን በአንዴ ለቀቀ። ብረቱ ተፈናጥሮ ከጆሮዬ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ መሬቱን መታው። ጮህኩ። ከዚያ ድምፄ ጠፋ። አባቴ «ልጄ! ልጄ!» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል፤ ሊነሳ ሲታገል የምርኩዙ ጫፍ መሬቱን ሲቧጥጥ ይታየኛል። በስንት ጊዜ «አለሁ» አልኩ። ወጥቼ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። ውሃ አጠጣሁት፤ እኔም ጠጣሁ፤ ተመልሼ ገባሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለቱም አዳዲስ ባሌስትራዎች ገቡ፤ አሞርዛተሮቹም ተቀየሩ። ጎማዎቹን መልሼ ጉማጆቹን አውጥቼ መኪናዋን መሬት አስያዝኳት። አሁን የቀረው ዋናው ነገር ነው አለኝ። ባሌስትራውን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት፣ ከአክስሉ፣ ጋር አቅፈው የሚይዙ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉ ብሎኖች አሉ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ናቸው፤ በየጫፋቸው የሚያጠብቃቸው ዳዶ አለ፣ በየጎኑ አራት ማለት ነው። መኪናዋ ተነስታ ሳለ በእጅ ብቻ ነበር ያስገባኋቸው።

«ክብደቷን ስትጥል ነው በኃይል የሚጠበቁት» አለኝ። «ትንሽ ትንሽ፣ በሰያፍ እየተሻገርሽ። አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ። ጎማዋን የያዙት እነሱ ናቸው።»

ቀኙን ጀመርኩ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ፣ በእግሬ ጭምር እየገፋሁ አራቱንም አጠበቅኩ። ወደ ግራው ዞርኩ። የፊተኛውን ዳዶ ይዤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እንደሳብኩት አስታውሳለሁ። ያኔ ዝናቡ መጣ።

አርባ ምንጭ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ከጎማው አጠገብ ጭቃው መርጨት ሲጀምር የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ቃል አልነበረም፣ ጩኸት ነበር። ብቻውን ወደ በረንዳው ሊሄድ ተነስቶ ምርኩዙ አንሸራትቶት በጎኑ ወድቋል። እንዴት ከሥሯ እንደወጣሁ አላውቅም። ጭቃ ውስጥ በታመመው እጁ ላይ ተኝቶ ዓይኑን ጨፍኗል። በብብቱ ይዤ እየጎተትኩ አስገባሁት። ልብሱን ቀየርኩ። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ልብስ ደራርቤ እግሩን ሳሽ፣ ትኩስ ነገር ሳጠጣው፣ አጥንቱ ተሰብሮ ይሆን ብዬ ስዳብስ መሸ።

ባሌ ከጨንቻ ሲመለስ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማ አገኛት። ዝናብ የመታቸውን ቁልፎች ሰብስቦ፣ ጠራርጎ ከወንበሩ ጀርባ ከተታቸው። «ከነገ ጀምሮ ማስተማሩን ትተሽ ጋራዥ ክፈቺ» አለኝ። ሳቅኩ። ሙሉ ቀን የሠራሁት ሥራ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር፤ ሐሳቤ ሁሉ የአባቴ ትንፋሽ ላይ ነበር።

እሁድ ጠዋት አባቴ ስለተኮሰው እኔ ከቤት ቀረሁ። ባሌና ልጄ መዘምራኑን ከቤተ ክርስቲያን ሊያነሱ ገና ሳይነጋጋ ወጡ። ልጄ አረንጓዴ የመዘምራን ልብሷን ለብሳ በጋቢናው መስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አባቴ ነቃ። ሻይ ሰጠሁት። ግማሹን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ዝናቡ ካባራ በኋላ ግራውን ጨረስሽው?» አለኝ።

እጄን አስታወስኩት። ቁልፉን አስታወስኩት። ዝናቡን አስታወስኩት። ጨርሼ የተነሳሁበትን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

«አዎ አባዬ» አልኩ። «ጨርሻለሁ።»

«ጎበዝ» አለኝና ዓይኑን ጨፈነ።

ወደ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ባሌ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩን ማግኘት አይቻልም ይላል የሴትየዋ ድምፅ። ደገምኩ። የመዘምራኑን መሪ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ደጋው ላይ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። አሥራ ሦስት ሰው ከኋላ ተጭኗል፤ ልጄ ጋቢና ውስጥ ናት። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ገረሴ የሚወጣው ጥርጊያ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው።

ወደ ጎረቤታችን ሄጄ «አባዬ ጋ ቁጭ በይልኝ» አልኳት። ፊቴን አይታ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። በባጃጅ ሲቀላ መናኸሪያ ደረስኩ። የገረሴው ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ተቀምጧል፤ ረዳቱ ሲሞላ እንሄዳለን ይላል። ወደ ሞተር ሳይክሎቹ ሮጥኩ። ፂሙ የሸበተ አንድ ባለ ሞተር ሰማዩን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«ትላንት ዘንቧል እህቴ። ላይኛው መንገድ ያንሸራትታል።»

«ልጄ አለች» አልኩት። «ከፊት የሄደው መኪና ውስጥ ልጄ አለች። መኪናው ልክ አይደለም። እነሱ አያውቁም።»

ሰውየው ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሞተሩን በእግሩ መታና አስነሳው። «ያዝ። በደንብ ያዝ» አለኝ። አማርኛው ለወንድም ለሴትም አንድ የሆነ የደጋ ሰው ነበር።

አስፋልቱ ላይ እስካለን ድረስ ለራሴ ሒሳብ እሠራ ነበር። ስንት ሰዓት ተነሱ፣ ስንት ጊዜ ቆሙ፣ ጭነት ይዛ በስንት ፍጥነት ትወጣለች። ቁጥሮቹ እየተሳከሩብኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። የሙዝ እርሻዎቹን አልፈን ወደ ቀኝ ታጥፈን ዳገቱን ስንጀምር ሒሳቡም ቀረ። ዓይኔ ገደሉ ላይ ተተከለ። በእያንዳንዱ ኩርባ ወደታች አያለሁ። ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ድንጋይ ነው፣ አንዱ የታጠበ ልብስ ነው፣ አንዱ ፍየል ነው። ጭቃው ላይ የጎማ መስመር አለ። መስመሩ ወደ ዳር ወጣ ባለበት ቦታ ሁሉ «ቁም!» እለዋለሁ፤ እሱም ይቆማል። አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ምንም የለም። እንቀጥላለን።

ከፍ ስንል ጉም መጣ። አንድ ኩርባ ስንዞር ነጠላ የለበሱ ብዙ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ቆመው ሁሉም ወደታች ይመለከታሉ። እኔ እስከዛሬ ከዚያ የከፋ ነገር አይቼ አላውቅም። ሞተሩ ሳይቆም ዘልዬ ወረድኩ፤ አንሸራትቶኝ በእጄ ጭቃ ላይ ተደገፍኩ።

«ምንድን ነው? ማን ነው የወደቀው?» እላለሁ። ሰዎቹ አማርኛዬ ይሁን ሁኔታዬ አልገባቸውም፤ ያዩኛል። ባለ ሞተሩ በጋሞኛ አናገራቸው።

«ላም ናት» አለኝ ዞሮ። «ላም ተንሸራትታ ገብታባቸው ነው። መኪና አይደለም።»

ላሟ ከታች ስታጓራ ያኔ ሰማኋት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሰውየው መቀመጫውን በእጁ መታ መታ አደረገልኝ።

ትንሽ እንደሄድን ከላይ የሚወርድ ጭነት መኪና አገኘን። ባለ ሞተሩ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ሰው የጫነች አሮጌ ነጭ ፒክአፕ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ከትልቁ ድንጋይ በላይ፣ መንገዱ ዳር ላይ ናት። ጎን ጎኗን አዘንብላለች» አለ ሾፌሩ።

«ሰዎቹስ?» አልኩ።

«ሰው አላየሁም» አለና ማርሹን አስገብቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስላለው መንገድ የማስታውሰው የባለ ሞተሩን ጃኬት ብቻ ነው። በሁለት እጄ ጨብጬው ፊቴን ጀርባው ላይ ደፍቼ ነበር። ማየት አልፈለግኩም። ሲቆም ቀና አልኩ።

መኪናችን ቆማለች። ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ ተደርጓል። ከኋላ ባዶ ናት፤ ጋቢናውም ባዶ ነው፤ አንዱ በር እንደተከፈተ ነው። በጭነት መጫኛዋ ጠርዝ ላይ የልጄ ሹራብ ተንጠልጥሏል። የልጄን ስም ጠራሁ። ድምፄ ከጉሙ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ደገምኩት። ባለ ሞተሩ ወደ ገደሉ ሄዶ ቁልቁል አየ።

«እማዬ?» የሚል ድምፅ ከላይ፣ ከእንሰቱ መሐል መጣ።

ልጄ በግማሽ የተበላ ቅቅል ድንች ይዛ ጠባቧን መንገድ እየወረደች ነው። ከኋላዋ መዘምራኑ፣ ከእነሱ ኋላ ባሌ። እዚያ ያለ ቤት ባለቤት ጭቃ ላይ ቆመው ሲያያቸው ግቡ ብሎ ድንች ቀቅሎላቸው ኖሯል። ልጄን አቀፍኩ። አጥብቄ ስለያዝኳት «አመመኝ» አለችኝ።

«አባዬ ምን ሆኑ?» አለ ባሌ ደንግጦ። የመጣሁት መርዶ ይዤ መስሎታል።

«አባዬ ደህና ነው። ለምን ቆምክ?»

«መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዘው ኋላዋ ወደ ግራ ትሄዳለች። ጎማው ነው ብዬ በእጅ ፓምፕ አየር ሞላሁት። ከዚያ ዝናብ ያዘን፤ አሁን ስለቆመ ልንነሳ ነው።»

«ግራውን አልጨረስኩትም» አልኩት። «ትላንት አባዬ ሲወድቅ ትቼው ገባሁ። ከዚያ ረሳሁት።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወደ ልጃችን አየ፤ ከዚያ ከፊት ወደሚጠብቀን ዳገት። ከቆምንበት ቦታ ቀጥሎ መንገዱ ሁለት ጊዜ ተጣጥፎ ሽቅብ ይወጣል፤ የገረሴ መንገድ ክፉው ቦታ እሱ ነው። ባሌ ወደ ጋቢናው ሄደ። ከወንበሩ ጀርባ ክሪኩንና ቁልፎቹን አወጣ።

«እኔ ልግባ» አለ።

«አንተ አታውቀውም።»

ዳገት ላይ የቆመች መኪና ሥር መግባት ግቢ ውስጥ ከመግባት ጋር አይመሳሰልም። ባሌና ሁለት ወንድ መዘምራን በየጎማው ሥር ሌላ ድንጋይ ጨመሩ። ባለ ሞተሩ ማንም ሳይጠይቀው ከአጠገቤ በሆዱ ተኝቶ ቁልፍ ያቀብለኝ ጀመር። ተንጋልዬ ከኋላ በግራ በኩል ያሉትን አራት ዳዶዎች በጣቴ ፈለግኳቸው። የመጀመሪያው በሁለት ጣቴ ዞረ። ሁለተኛውም ዞረ። ሦስተኛው ወርዶ ወርዶ የብሎኑ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ስነካው መዳፌ ላይ ወደቀ። የያዘው አንዱ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ሦስቴ የሳብኩት። በዚያ በአንዱ ዳዶ ያ ሁሉ ሰውና ልጄ እዚህ ድረስ ወጥተዋል።

አክስሉ ከቦታው አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። ባሌ መኪናዋን በክሪክ ትንሽ አነሳት፤ ወንዶቹ ጎማውን በብረት እየገፉ ወደ ቦታው መለሱት። የወደቀውን ዳዶ ጥርሱ ላይ ማስያዝ አቃተኝ። ሁለቴ ወደቀብኝ። «ቀስ» አለኝ ባለ ሞተሩ። «ቀስ እህቴ። ማንም አይሄድም።» አራቱንም ትንሽ ትንሽ፣ በሰያፍ እየተሻገርኩ አጠበቅኩ። ከዚያ ባሌ ቧንቧውን ይዞ ደገመው። ከዚያ እኔ ሰለስኩት። ወደ ቀኙም ዞሬ አራቱን ነካኋቸው፤ ወይ ፍንክች። ቢሆንም እነሱንም ደገምኳቸው።

ስወጣ መዘምራኑ ተሰብስበው እያመሰገኑ ነው። ከባሌና ከልጄ ጋር ጋቢና ተቀምጠው የመጡት አንዲት አሮጊት፣ እማማ፣ ጭቃ የተቀባ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚአብሔር ነው የላከሽ» አሉኝ። በራሴ ጥፋት ልገድላቸው ነበር፤ እሳቸው እጄን ይስማሉ። «እማማ፣ ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሁሉም ሰሙ። እማማ እጄን አልለቀቁም። ከወጣቶቹ አንዷ ግን ፊቷን አዞረችብኝ፤ እውነቷን ነው።

የቀረውን ዳገት ሰው ሁሉ በእግሩ ወጣው። ባሌ ሞተሩን አስነስቶ በሩን ከፈተልኝ።

«አንቺ ከኔ ጋር ግቢ» አለ። ሲቆጣኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

ገባሁ። ግማሽ አካሌን በመስኮት አውጥቼ የኋላውን ጎማ እያየሁ፣ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ወጣን። ክፉውን ቦታ ካለፍን በኋላ አስቁሜው ወርጄ ነካኋቸው። ገረሴ መግቢያ ላይ ደግሞ ነካኋቸው። ልጄ ስትዘምር አዳራሹ ውስጥ አልነበርኩም፤ ውጭ መኪናዋ ሥር ነበርኩ። ስንመለስ እሷንና እማማን በሚኒባስ ላክኋቸው።

ቤት ስንደርስ ገና አልመሸም። ጎረቤታችን ትኩሳቱ ለቅቆታል ብላ ሄደች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ጠዋት ዋሽቼሃለሁ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ደህናው እጁ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨብጧል።

«ስንት ዳዶ ነው የላላው?»

«ሦስት።»

«ልጅቷ የት ነበረች?»

«ጋቢና።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ቁጭ ብዬ ባይሽ ኖሮ ሳይጠብቅ አይታለፍም ነበር። እኔ ነኝ የወደቅኩት» አለ።

«አይደለም። የረሳሁት እኔ ነኝ አባዬ።»

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። ለሳምንታት «ይቅረብ» እና «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ ንግግራችን። ማታ ማታ ሳይሆን ቀን፣ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ነው ያ ዳዶ መዳፌ ላይ ሲወድቅ የሚሰማኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን አየዋለሁ።

አንድ ቀን ባሌ መኪናዋ ቀኝ ጎኗ ይንጫጫል ብሎ መጣ። ሆን ብዬ በረንዳው ላይ አባቴ አጠገብ ሆኜ «ምን ይመስልሃል አባዬ?» አልኩት።

«ጋራዥ ውሰዷት» አለ።

«እሺ። አንተም ና።»

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ምርኩዙን አንስቶ ተነሳ። ሲቀላ ያለው ጋራዥ ስንደርስ መካኒኩ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር አመጣለት፤ አልተቀመጠም። ሰውየው ሥሯ ገብቶ ሲሠራ አባቴ ከአጠገቡ ቆሞ በምርኩዙ ጫፍ ያሳየዋል። «ያቺን ድገማት።» መካኒኩ ይደግማል። «ከጎኗ ያለችውንም።» እሱንም ይደግማል። ሰውየው ትንሽ እየተሰላቸ መጣ፤ አባቴ ግድ አልሰጠውም።

ያኔ ጉልበቱን አየሁ። ደህናው እግሩ ነው፤ ሱሪው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ዕድሜውን ሙሉ ከመኪና ጋር የኖረ ሰው፣ ሦስት ዓይነት ጭነት መኪና በገደል አፋፍ የነዳ ሰው ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጠጋ ብዬ ክንዱን ያዝኩ። አልከለከለኝም። መካኒኩ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ በጀርባው እየተንፏቀቀ እስኪወጣ ድረስ ሁለታችንም ከቆምንበት አልተንቀሳቀስንም።